የአባቴ ዘማሪ

ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ መምታት ሲጀምር ዛሬም ድረስ አብሮት ወደ ጆሮዬ የሚመጣ ድምፅ አለ፤ የአንድ ወንድ ቀጭን፣ ንጹሕ ድምፅ።

አባቴ አናጢና የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ነበር። ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ኦቶና ሆስፒታል ትሠራ የነበረች ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል የዕቃ ሣጥኖቿን ሠራላት፣ እሷም ቴፗን ከአንድ ካሴት ጋር ሰጥታው ሄደች። የካሴቱ ጽሑፍ ተፍቆ ስለነበር የሰውየውን ስም አናውቅም፣ ቋንቋውንም አናውቅም ነበር። እንደዚያ የሚለምን ሰው እግዚአብሔርን ካልሆነ ማንን ይለምናል ብለን፣ መዝሙር ነው አልን።

በዚያ ክረምት አባቴ ከሥራ ሲመለስ የእንጨት ብናኙን ከፀጉሩ አራግፎ፣ እኛን ልጆቹን አግዳሚው ላይ ደርድሮ ካሴቱን ይከፍት ነበር። የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ፣ እናቴ ለራት የሚቀቀለውን የቦዬ ሥር እየላጠች፣ ዝናቡ ሲበረታ ወደ ቴፑ ተጠግተን እንሰማ ነበር። ሰውየው በዝግታ ጀምሮ፣ ድምፁን እንደ ክር እየሳበ ወደ ላይ ይወጣና፣ እዚያ ከፍታ ላይ ሳይጮህ ቆይቶ፣ በዚያው ትንፋሽ መልሶ ያሳንሰው ነበር። አባቴ «አብራችሁት ትንፋሻችሁን ያዙ» ይለን ነበር፤ እኛ ፊታችን ቀልቶ በሳቅ ስንፈነዳ ሰውየው ገና አልጨረሰም።

«አያችሁ? ሌላው ከፍ ሲል ይጮሃል፤ እሱን ከፍ ሲል ይቀልለዋል።»

የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ድምፁ ሲጎተት ግን ወዲያው ያጠፋው ነበር። «ደክሞታል፣ ይረፍ» ብሎ፣ ፀሐይ ስትወጣ ድንጋዮቹን ያሰጣቸው ነበር።

የዘመን መለወጫችን ጊፋታ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ መዘምራኑን እንደዚያ ያስተምራቸው ጀመር። እሑድ እሑድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማቸው ነበር።

በበጋው አንድ ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ፣ አስመራ ከጣሊያኖች ጋር ጋራዥ ውስጥ ሠርተው ያረጁ መካኒክ፣ በራችን ላይ ቆመው ሰሙና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አንተ ጴንጤ! ለእኔ ጠጅ ኃጢአት ነው እያልክ፣ ራስህ ቤትህ ዘፋኝ ታሳድራለህ?»

«መዝሙር ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«የምን መዝሙር! የቴያትር ዘፈን ነው። ልጅቷን በጣሊያንኛ ‹እምቢ አትበዪኝ› እያለ ነው የሚለማመጣት!»

አባቴ ትንሽ ሳቀ፤ ከዚያ ቴፑን ዘጋው።

ማንም አልከሰሰውም፤ ጋሽ ተሰማም ለሰው አላወሩም። እናቴ «አንተ ታውቃለህ፣ የማርታ አባት» ብቻ አለችው። በእኛ ቤት ግን ዘፈንና መዝሙር በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም ነበር፣ መዘምራን በሚመራ ሰው ቤት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ። በበልግ ጉባኤ ሲደረግ ካሴቱ እንደገና እንዲቀዳ ቀዳዳዎቹን በወረቀት ደፍኖ፣ በሰውየው ድምፅ ላይ የራሱን መዘምራን ቀዳበት። ያን ቀን በጣም ጥሩ ዘመሩ። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ወደ ጩኸታቸው ተመለሱ፤ አባቴም አላረማቸውም።

አሁን እኔም እናት ነኝ፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያው እምነት ነው፣ አልጸጸትበትም። ያንን ጉሮሮ የሠራውም ያው ጌታ ይመስለኛል። ይህን ለአባቴ ደፍሮ የነገረው ሰው አልነበረም።

አምና ልጄ እንደዚያ የሚዘፍን ፈረንጅ በስልኩ ፈልጎ አገኘልኝ፤ ያው ሰው ይሁን ሌላ አላውቅም። አባቴ አሁን ወደሚኖርበት ወደ ሻንቶ ሄጄ አሳየሁት። ጆሮው መስማት ካቆመ ቆይቷል። መነጽሩን ወልውሎ እስከ መጨረሻው አየው።

«ሽማግሌ ነው እንዴ?» አለ። «እኔ ወጣት ይመስለኝ ነበር።»

ያኔ ድምፁ ቤታችንን ሲሞላው ፊቱን አናውቅም ነበር፤ ዛሬ ፊቱ እጃችን ላይ ነው፣ ድምፁ ግን ለአባቴ አይደርሰውም። ስለዚያ አንድ ክረምት እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ሁለተኛ ክረምት መስማት ስንችል መተዋችን ግን ይቆጨኛል።