የጋሽ ሊባኖስ ላጲስ

ጋሽ ሊባኖስ በጦር ሠራዊት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ አንዲት ጥይት አልተኮሱም። የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ብርድ ልብስና ኮዳ እያስፈረሙ ያድሉ ነበር። የኢምፔሪያል ሰፈር የታክሲ ረዳቶች ግን «ጄኔራል» ነው የሚሏቸው። ወደ ገርጂ መግቢያ ካለ ሕንፃ በረንዳ ሥር፣ ላስቲክ አንጥፈው የሚሸጡትና የሚያከራዩት መጽሐፍ ሁሉ የጦርነት ነዋ!

ሰኔ ግም ሲል አንድ ካርቶን ይቀድዱና በወፍራም እስክሪብቶ «የዘንድሮ ክረምት የጦር ንባብ» ብለው ይሰቅላሉ። ከሥሩ ሰባት መጻሕፍት ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩ አይበቃቸውም፣ አፋቸውንም ይጨምሩበታል። «ይሄን ሻለቃ ከምዕራፍ ሦስት ጀምር፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ስለ አያቱ በቅሎ ናቸው።» «እነዚህን ሁለቱን አከታትለሽ አንብቢ። ሁለቱም የተሸነፉት አንድ ቦታ ነው፣ አንዱ በሌላው ያላክካል። በሦስተኛው ቀን ማን እንደዋሸ ትደርሺበታለሽ።» ሰው ይስቃል፣ ይከራያል። አዛዥ ጡረታ ሲወጣ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ለሞተው ወታደር ማን ይጻፍለት? ጋሽ ሊባኖስ ይህን አጥተውት አይደለም። እያወቁ ይሸጡታል፤ እንጀራ ነው።

የመጀመሪያው አንባቢያቸው የገዛ ልጃቸው አብነት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኳስ ሲያባርር እንዳይውል ብለው በየክረምቱ የሚያነበውን ይመርጡለት ነበር። ጨርሶ ሲያመጣ ይጠይቁታል፤ የየጦር ግንባሩን ስም አንድ በአንድ ሲያወርድላቸው በጎረቤት ፊት ደረታቸው ይነፋል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በነሐሴ አንድ ማለዳ፣ አብነት ሄዶ ለዘመቻ ተመዘገበ። «አባዬ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ያነበብኩት ለመቼ ነው?» አላቸው።  

ከማሠልጠኛ አንዴ ደውሎ ክፍለ ጦሩን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ይኸው አራት ዓመት፣ ስልክም የለ፣ ደብዳቤም የለ፣ መርዶም የለ። ቢሮ ለቢሮ ቢንከራተቱ «ይጠብቁ» ነው መልሱ። ባለቤታቸው እትዬ ወርቅዬ ደግሞ መርዶ ነጋሪ ደጄን ሳይረግጥ ጥቁር አልለብስም ብለው፣ ባላቸው በገቡ ቁጥር ያችኑ ይጠይቃሉ። «ዛሬስ ወሬ የለም?» «የለም።»

ዘንድሮ የዚያ ክፍለ ጦር አዛዥ የነበረ አንድ ኮሎኔል መጽሐፍ አወጣ። ከተማው ሁሉ መጽሐፉን መጠየቅ ጀመረ። ጋሽ ሊባኖስ በካርቶናቸው ላይ አንደኛ አድርገው ጻፉት፤ ገልጠው ግን አላነበቡትም። ፈሩ። አላነበብኩም ማለት ደግሞ ለጄኔራል ውርደት ነው፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «ግሩም ነው!» ይላሉ።

የኪራይ መጽሐፍ ጠላቱ አንባቢው ነው። አንዱ በጠርዙ ላይ በእርሳስ «ውሸታም!» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ውሸታም አንተ!» ብሎ ይመልስለታል፤ ሦስተኛው ስልክ ቁጥሩን ለቆንጆ አንባቢ ያስቀምጣል። ጋሽ ሊባኖስ ድሮ እያነበቡ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ሰለቻቸው። አሁን አመሻሽ ላይ የተመለሱትን ይገልጡና ሳያነቡ በላጲስ ይጠርጋሉ። ላጲሱን ከሾላ ገበያ የሚገዙላቸው እትዬ ወርቅዬ ናቸው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ እግሩን የሚጎትት ወጣት መጣ። ስሙን ሐሩን ብሎ አስመዘገበ፤ መታወቂያ አልሰጥም ብሎ ብር አስይዞ ኮሎኔሉን ወሰደ። በሦስተኛው ቀን መለሰው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አንብበውታል?»

«እንዴታ! ግሩም ነው።»

«ግሩም?» አለ ሐሩን፣ ትኩር ብሎ እያያቸው።

ያን ጊዜ አለማንበባቸውን ቢያምኑ ምን ነበረበት! ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው «በተለይ የውጊያው ነገር! ሰውዬው የዋለበትን ነው የጻፈው» ሲሉ ጨመሩበት።

ሐሩን መጽሐፉን ላስቲኩ ላይ አስቀመጠ። «እንግዲያው እኔና እርስዎ የምናወራው የለንም» ብሎ ያስያዘውን ተቀብሎ የመገናኛ ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ያን ቀን ዝናቡ አጣደፋቸው። መጽሐፉን ሲገልጡ አንዱ ገጽ ዙሪያውን በእርሳስ ተሞልቷል። «ይሄ ባለጌ ሌላ መጽሐፍ ጻፈብኝ!» ብለው በጉልበት ፈተጉት፤ የላጲሱን ብናኝ እፍ አሉና ከሌሎቹ ጋር ደረደሩት።

ቀጥላ የተከራየችው ብሩክታይት ነበረች፣ ፊት ለፊት ባንክ የምትሠራ ደንበኛቸው። በሳምንቱ መጽሐፉን እንደያዘች አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ይሄን ማነው ያጠፋው?»

ገጹን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችላቸው። እርሳሱ ጠፍቷል እንጂ የጻፈው እጅ ጠንካራ ነበርና ወረቀቱን አጎድጉዶታል። ኮሎኔሉ «ኮረብታውን በአነስተኛ ጉዳት ያዝነው» ይላል። ከሥሩ፣ በጉድጓዱ የሚነበበው «እኔ እዚያ ነበርኩ» ነው። ከዚያ በግራና በቀኝ ጠርዝ ሁለት የስም ዝርዝር ወርዷል።

«አንደኛው የሞቱት፣ ሌላኛው የተረፉት ይመስለኛል» አለች። «ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አናቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ቶታሊ ጠፍቷል። ቆጠርኳቸው፣ በሁለቱም በኩል ዘጠኝ ዘጠኝ ናቸው። ሲሪየስሊ ጋሼ፣ የሰው ስም እንዴት ይጠፋል?»

ጋሽ ሊባኖስ መነጽራቸውን አጠለቁ። በግራ በኩል፣ አምስተኛው ላይ፣ «አብነት ሊባኖስ» ይላል።

ከዝርዝሮቹ አናት ላይ ወረቀቱ ሊበሳ ምንም አልቀረውም። የገዛ እጃቸው ብርታት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ ይዞ ነበር፤ ሞኙ ነው ያስለቀቀው።

ኮሎኔሉን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል የለችም። ከዚያ ሥራ ፈትተው ከኢምፔሪያል እስከ መገናኛ ሐሩንን ፈለጉ። አንዱ ረዳት ሰምቶ ሰምቶ «ጄኔራል፣ እግሩን የሚጎትት ወጣት በዚህ ዘመን ስንት ነው?» አላቸው። ካርቶኑን አወረዱት። ላጲሱን ቦይ ውስጥ ጣሉት። ክረምቱን ምን እናንብብ ያላቸውን ሁሉ «እኔ አላውቅም፤ ያነበበ ጠይቁ» አሉት።

ለወርቅዬ ምን ይበሉ? ስሙ ተገኘ ቢሉ፣ ከየትኞቹ ጋር ልትል ነው። አይታወቅም፣ ጠፍቷል ቢሉ፣ ማን አጠፋው ልትል ነው።

በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ቀን፣ በዝናብ በስብሰው ቤት ሲገቡ፣ እትዬ ወርቅዬ ከዘንቢላቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው በእጃቸው አስጨበጧቸው።

«ላጲስህን ከኮትህ ኪስ ባጣው፣ አልቆበት ነው ብዬ ሾላ ስወርድ ገዛሁልህ። ትልቁን ነው፤ ምንም ሳያስቀር ነው የሚያጠፋው አሉኝ።»

«ተባረኪ» አሉ ጋሽ ሊባኖስ።

«ዛሬስ ወሬ የለም?»

«የለም» አሉ።