የጋሽ ይማም እግርና የጅዳው ቅባት

የመጀመሪያ ቀን የሰጡኝ መጥረጊያ ነበር። ዘጠነኛ ክፍልን ጥዬ መካነ ሰላም አንድ ጤና ጣቢያ በፅዳት ተቀጠርኩ። ረፋድ ላይ የቁስል ክፍሏ ነርስ፣ ሲስተር ዘነበች፣ «ና ይቺን እግር ያዝልኝ» አለችኝ። ሽታው አዞረኝ፤ ውጪ ወጥቼ አስመለስኩ። ስመለስ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ጨረስክ? በል ያዝ።»

ያዝኩ። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ወሰደው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጎዝ፣ ያን ሳሳ ያለ የቁስል ጨርቅ፣ ቆርጠህ ታጥፋለህ፣ በብረት ድራም ከትተህ በእንፋሎት ትቀቅላለህ። ቁስሉን በጨው ውሃ ታጥባለህ። የሞተውን ሥጋ በመቀስና በምላጭ ታነሳለህ፣ ቀዩ እስኪታይ። «ጥቁሩ ጠላትህ፣ ቀዩ ወዳጅህ» ትለኝ ነበር ሲስተር። ምላጩን እንድይዝ የፈቀደችልኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዛሬ የነርስ ወረቀት ይዛችሁ የምትጀምሩት ትስቃላችሁ፤ ሳቁ። እኔ ወረቀት የለኝም፣ እጅ ግን ነበረኝ። ያቺ ጠባብ ክፍል እስካሁን ትናፍቀኛለች፣ ከነሽታዋ።

ጋሽ ይማም በከላላ መንገድ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። የስኳር በሽታ እግራቸውን አደንዝዞታል። ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ከገበያ እስከ ቤታቸው ሄደውበታል፣ ሳይሰማቸው። ከአውራ ጣታቸው ሥር ጉድጓድ ሆነ፣ ስንት ወር አልዘጋ አለ። ደሴ ያየቻቸው ሐኪም «እስከ በልግ ካልዳነ ይቆረጣል» አለቻቸው።

«በአንድ እግር ሞፈር ይያዛል እንዴ?» አሉኝ። 

ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ዘሃራ ይህን ሰማችና አንድ ቱቦ ቅባት ገዝታ፣ በበረዶ አሽጋ፣ ወደ አገር በምትመለስ ሴት እጅ ላከች። ሲስተር ከቱቦው ጋር የመጣውን ወረቀት አነበበችው።

«ይሄ ሥጋውን እደግ ብሎ የሚያዝ ነው። ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል፤ የስኳር ቁስል ላይ ግን ይደክማል። የሞተ ሥጋ ላይ ብትቀባው ድንጋይ ላይ መዝራት ነው። ቀዝቃዛ ቦታም ይፈልጋል።»

አለቃችንን ፍሪጅ ለመንኩት። «የክትባት ፍሪጅ ነው፣ ሌላ ነገር አይገባም!» አለ። ልክ ነበር፤ ያኔ ግን ሰደብኩት፣ በሆዴ። ጋሽ ይማም ከተማ የእህታቸው ልጅ ቤት አርፈው ስለነበር፣ ቱቦውን በእሱ ሱቅ ፍሪጅ ከለስላሳው ጎን አስቀመጡት። ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ።

ጠዋት አጥቤ፣ አንስቼ፣ ስስ አድርጌ እቀባና በጨው ውሃ የራሰ ጎዝ አለብሳለሁ። ማታ ተመልሰው ሲመጡ አጥቤ ያለቅባት እሸፍናለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጉድጓዱ ከታች ቀይ ሥጋ አነሳ። በደስታ ሲስተር ፊት ልጨፍር ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ቱቦው ተጣብቆ መጣ። ባዶ።

«ምን ሆነ?»

«ለሰው አካፈልኩት።»

«ለማን?»

«ለጎረቤታችን ለእትዬ ሀዋ፣ ቅልጥሟ ቆስሎባት። ከወረኢሉ ለመጣ እንግዳም።»

«ሌላስ?»

 «ወንድሜ ሊጠይቀኝ የመጣባት በቅሎ ጀርባዋ ተልጦ ነበር።»

«ለበቅሎ!»

«እሷስ ነፍስ አይደለች? የዘምዘም ውሃ እንኳ ከመካ ሲመጣ ለሰፈሩ ጠብ ጠብ ይደረጋል። መድኃኒት ደብቄ ልቀባ? ነውር ነው።»

ምላሴ ቀደመኝ። «እንግዲያው እግርዎንም ያካፍሉ! ደሴ ሲቆርጡት ለበቅሎዋም ይድረሳት!»

ቀስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብለው ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሳልስቱም።

ሲስተር ጎዝ እያጠፈች፣ «እግራቸውን የምታስቆርጠው በቅሎዋ አይደለችም፤ አንተ ነህ። ሂድና አምጣቸው» አለች።

ግማሽ ቀን በእግሬ ሄጄ መንደራቸው አውድማ ላይ አገኘኋቸው። ከበሬዎቹ ኋላ እየዞሩ እህል ያበራያሉ፣ በዚያው እግር። ጎዙ ጠቁሯል።

«አጥፍቻለሁ፣ አፉ ይበሉኝ ጋሼ።»

«አፉ ብያለሁ። አብሽር። በቅሎዋ ግን ድናለች።»

እዚያው ጭድ ላይ አስቀምጬ ፈታሁት። ከተነሳው ቀይ ግማሹ ጠፍቷል። አለቀስኩ ብላችሁ አታምኑም፣ ተውት።

ቅባት የለም። የቀረን የጨው ውሃ፣ ምላጭ፣ የስኳር ክኒናቸውና እግሩን መሬት አለማስነካት ነበር። ውቂያውን የእህታቸው ልጅ ሱቁን ዘግቶ ያዘላቸው። እሳቸው በዚያችው በቅሎ በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ፤ ሌላውን ቀን ቤታቸው መደብ ላይ እግራቸውን ሰቅለው ይውላሉ፤ ስንገናኝ «ሴት ወይዘሮ አደረከኝ!» እያሉ ይራገሙኛል። እንዲህ እየተባባልን ከርመን፣ ቁስሉ በልግ ሳይገባ ዘጋ። ደሴ ሄደው አሳዩ፤ ሐኪሟ አገላብጣ አይታ በሰላም ሸኘቻቸው።

መጨረሻ የመጡ ቀን ክፍሏ ውስጥ ስልካቸው ጮኸ። ዘሃራ ናት፤ ድምጿ እስከ በሩ ይሰማል።

«አባዬ፣ ቅባቱ አዳነዎት?»

ጋሽ ይማም እኔን አዩኝ። ያን ሁሉ ወር ቁስሉ ላይ ጎንበስ ያልኩት እኔ፣ ቅባቱን በበቅሎ ጀርባ ያስቀሩት እሳቸው!

«አዎ ልጄ፣ ያንቺው ቅባት ነው። አልሃምዱሊላህ።»

ወዲያ ማዶ ለቅሶዋ ተሰማ። እኔ እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። ጎዜን ማጠፍ ጀመርኩ።

ለምትጀምሩት የምለው ይሄን ነው፦ ቅባት ኖረም አልኖረም የሞተውን ሥጋ አንሱ፣ እግሩ መሬት እንዳይረግጥ አድርጉ። በሽተኛ ላይ አትጩሁ። የቀረ ሰው ቁስል አይታጠብም።