ለጋሼ የሠራሁለት መወጠሪያ

ጥሩ መወጠሪያ የሚወጣው ከአሮጌ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ነው። ከጎማው ውስጥ ግራና ቀኝ የተሰካች ቀጭን ብረት አለች፤ ቢያጎብጧት ተመልሳ የምትቃና፣ እልኸኛ ብረት። እሷን ፍለጋ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ስሄድ መካኒኩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ "እህት፣ መኪናሽ የታለ?" አለኝ። መኪና የለኝም አልኩት። "ታዲያ ዝናቡን ከምንሽ ላይ ልትጠርጊው ነው?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀብኝ። ይሳቅ እንጂ ከጥራጊው ክምር ላይ እቅፍ ሙሉ አንስቶ ሰጠኝ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሲ.ኤም.ሲ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሌላው በትርፍ ጊዜው ሹራብ ይሠራል፣ ኳስ ያያል፤ እኔ ጓጉንቸር ያለ ቁልፍ እከፍታለሁ። ዩቲዩብ ላይ አይቼ ጀመርኩትና በዚያው ለከፈኝ። በጓጉንቸር ሆድ ውስጥ ትንንሽ ፒኖች አሉ፣ እያንዳንዳቸው በሞላ የሚገፉ። ቁልፍ ሲገባ ሁሉም ልካቸውን ያገኛሉ። ያለ ቁልፍ ሲሆን ግን አንዱ እጅ በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ያነሳቸዋል፤ ሌላው እጅ ደግሞ በመወጠሪያው ቀስ እያለ እየጠመዘዘ፣ የተነሳው እንዳይወድቅ ይይዛል። ሰው ብልሃቱ ሽቦው ላይ ይመስለዋል። ብልሃቱ መወጠሪያው ላይ ነው። ጫን ካሉት ፒኖቹ ይነክሳሉ፣ ንቅንቅ አይሉም። ለቀቅ ካደረጉት የለፉበት ሁሉ ተመልሶ ይወድቃል።

ተገዝቶም ይገኛል ይላሉ፣ ከውጭ አገር በሰው ካስመጡ። እኔ ግን በእጄ የሠራሁትን ነው የማምነው። ብረቷን በሞረድ ገዝግዤ እቆርጥና ጫፏን በጋዝ ምድጃ አግዬ በፒንሳ አጥፋታለሁ። ያለ እሳት ስትታጠፍ ትሰበራለች፤ እሳቱ ከበዛባት ደግሞ ሞላነቷ ይጠፋና እንደ ቆርቆሮ ትልፈሰፈሳለች። ከዚያ የሚቀረው ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ይህን የዘለለ ሰው የነካውን ጓጉንቸር ሁሉ ይቧጭራል።

ታላቅ እህቴ፣ እቴቴ፣ "ተምራ ተምራ የሌባ ሙያ!" ብላ ታሾፍብኝ ነበር። ከቤተሰቡ ያልሳቀብኝ ታላቅ ወንድማችን ብቻ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ትንሽ ነበርኩ፤ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ፣ የመጀመሪያ ቦርሳዬን የገዛልኝ ጋሼ ነው። የእኔ አባት እሱ ነበር ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ "እስኪ እኔንም አስተምሪኝ" ሲለኝ የተሰማኝ ደስታ ዛሬ ሳስበው ያበሳጨኛል።

ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከፈረንሳይ ሰፈር ተነስተን እንጦጦን እንወጣለን። እኛ ስናለከልክ ሯጮቹ የተነፈሱ እንኳ ሳይመስሉ ያልፉናል። ደከመን ባልንበት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ እንቀመጥና ከቦርሳዬ ጓጉንቸሮቹን አወጣለሁ። መጀመሪያ ያስተማርኩት ግን መክፈት አይደለም፣ ሕጉን ነው። የራስህን ብቻ ትከፍታለህ፤ የራስህም ቢሆን ሥራ ላይ ያለ፣ አንድ ነገር የቆለፈ ቁልፍ አይነካም። በእናታችን አስምዬዋለሁ።

የጋሼ እጅ ከባድ ነው። የሰጠሁትን መወጠሪያ ሁሉ አጎበጠው። ተቆጣሁት፣ ሳቀ፤ እንደገና አጎበጠው። በመጨረሻ ለእሱ ብቻ የሚሆን አንድ ሠራሁለት። ከእኔዎቹ ሰፋ ያለች ናት፤ እጀታዋን ሩብ ዙር ጠምዝዤዋለሁ፣ ሲጫናት እሷ ቀድማ እየተለጠጠች "ቀስ በል" እንድትለው። ጠርዟን ሳላለሰልሰው ከእጄ ላይ ነጠቀኝ። "ይበቃል፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ" ብሎ ኪሱ ከተታት። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ የከፈተው ጓጉንቸር ሁሉ ከቁልፍ ቀዳዳው ግርጌ ሰፋ ያለች ንክሻ ይኖረዋል። ፊርማህ እያልኩ እቀልድበት ነበር።

አንድ እሑድ ሁለታችንም ኮተቤ እናታችን ቤት ነበርን። እናቴ አልጋዋ ሥር ያለውን ሣጥን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ "እስኪ ይሄን ክፈችና ሙያሽን ልየው" አለችኝ። ሣጥኑ ላይ አሮጌ የነሐስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ የክት ልብሶቿና በዓል በዓል የምታደርገው የወርቅ ድሪዋ አሉ።

"እማዬ፣ ሥራ ላይ ያለ ቁልፍ አይነካም" አልኳት።

"የእናትሽም?"

"የእናቴም።"

ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ወደ ጋሼ ዞራ፣ "ሰማህ? ይቺ ልጅ እምነት አላት" አለችው።

"ሰማሁ እማዬ" አለ።

እናቴ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ከቀብር ስንመለስ የንስሐ አባቷ የሣጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ ከወለቀው ክር ጋር በእጃቸው ያዙና፣ አፈሯ ሳይደርቅ ሣጥኗ አይከፈትም፣ አርባዋ ሲወጣ ሁላችሁም ባላችሁበት እከፍተዋለሁ አሉ። ወጉም እንዲያው ነው። እስከዚያ ቤቱ ባዶ እንዳይሆን ጋሼ እዚያው ሊያድር ተስማማን። ቀን ቀን እኔም እቴቴም እንመላለስ ነበር፤ ቤቱ ለቀስተኛ አይለየውም።

የአርባዋ ማግስት ተሰበሰብን። አባ ቁልፉን ከተው ጓጉንቸሩን ከፈቱ። ልብሶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ነጠላዎቹ ተራገፉ፣ የሣጥኑ ወለል ተዳሰሰ። ድሪው የለም። የሰዉ ዓይን አቅጣጫ ነው የገረመኝ፤ ፊቴን አይደለም፣ እጆቼን ነበር የሚያዩት።

"እኔ አልነካሁትም" አልኩ።

"ማን ምን አለሽ?" አለች እቴቴ። አነጋገሯ ግን ብሎኛል።

ጓጉንቸሩን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኩት። ከቀዳዳው ግርጌ፣ በአሮጌው ነሐስ ላይ፣ ሰፋ ያለች ትኩስ ንክሻ ታበራለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ጋሼንም አየሁት። እሱ ነጠላ እያጣጠፈ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ የወደቀ ሰው ምን እንደሚሰማው ግን ያን ቀን አወቅሁ።

የዚያን ዕለት አልተናገርኩም። ለብቻው ጠብቄ ጠየቅሁት። "ለቅሶ ላይ ነን፣ አሁን ይሄ ይነሳል?" አለኝ። ካራ ሰፈር ጀምሮ በገንዘብ እጦት ያቆመው ቤቱ ግን ያን ሰሞን ጣሪያ ለበሰ። ድሪውን የወሰድኩት እኔ ነኝ የሚለው ሐሜት በዘመድ አፍ እየዞረ እኔው ጆሮ እስኪደርስ ጋሼ አላስተባበለም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ አይደል? እኔም ነደደኝና ሽማግሌ ይሰብሰብልኝ አልኩ። ስሜን ማስመለስ ነበር የፈለግሁት፤ ወርቁን እንደሆነ ይብላው።

ሽማግሌዎቹ እናቴ ቤት ተሰበሰቡ፣ አባም አሉ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጓጉንቸር ደረደርኩ፤ አንዱን እኔ የከፈትኩት፣ አንዱን እንጦጦ ላይ ጋሼ የከፈተው፣ ሦስተኛው የእናቴ። ተማሪ ፊት እንደቆምኩ ሁሉ አስረዳሁ። የእኔ መወጠሪያ ጠርዙ የለሰለሰ ነው፣ ነሐስ አይነክስም። ይቺ ግን እዩዋት፣ ስፋቷን እዩ፣ ከሁለተኛው ጋር አንድ ናት። መነጽር ያለው መነጽሩን አደረገ። ጓጉንቸሮቹ ከእጅ እጅ ዞሩ። ደስ እያለኝ ነበር፣ እየገባቸው መስሎኝ።

አባ የመጨረሻውን አስቀምጠው በሐዘን አዩኝ። "ልጄ፣ እኛ በዚህ ሁሉ ቁልፍ ላይ ምንም አይታየንም። ይህን ያህል የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ።"

አንዱ ሽማግሌ፣ "ብረቱንስ ማን ሠራው?" አሉ።

"እኔ" አልኩ። ምን ልበል?

ያኔ ወደ ጋሼ ዞርኩ። "ጋሼ፣ እማዬ ክፈችልኝ ስትለኝ እምቢ አላልኳትም? 'ሰማህ?' ስትልህ 'ሰማሁ' አላልካትም? እሱን ብቻ ተናገርልኝ።"

ጋሼ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "አላስታውስም" አለ። ቀጥሎ ተነስቶ እጅ ነሳና ለሽማግሌዎቹ፣ "አባቶቼ፣ ያሳደግኋት እህቴ ናት። ወርቅ ከእሷ አይበልጥብኝም። እኔ ይቅር ብያታለሁ፤ እናንተም ተዉአት" አለ።

ይቅር ብያታለሁ! ክፍሉ በምርቃት ተናጠ። አንዲት አክስቴ እንባዋን ጠረገች። እንደዚያ ያለ ደግ ወንድም የት ይገኛል? ቢሰድበኝ እመልስለት ነበር፣ ቢከሰኝ እከራከረው ነበር፤ ይቅር ላለኝ ሰው ምን ይመለሳል? "ሌባው አንተ ነህ!" ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴም እሱን ደግ፣ እኔን ዓይን አውጣ አደረገኝ። አባ መስቀላቸውን አውጥተው፣ "በሉ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ" አሉ። ሽማግሌ ለምኖ፣ ቄስ መስቀል ይዞ እምቢ ማለት በእኛ ቤት አልተለመደም። ቃሉን አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ጥፋቴን እንዳመንኩ እንደሚቆጠርብኝ እያወቅሁ አልኩት። ጋሼ አቅፎ ሳመኝ፣ "አይዞሽ" አለኝ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች "አይዞሽ" የጠላሁት ቃል የለም።

የእናታችን ቤት ቁልፍ በአንድ ድምፅ ለእሱ ተሰጠ። ታማኝ እሱ ነዋ።

የሙት ዓመቷ ዕለት ቀድሜ ደረስኩ። እቴቴና ዘመዶች ተከታትለው መጡ፤ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ቆመዋል። የውጭው በር ላይ ጓጉንቸር አለ፣ ርካሽ የገበያ ጓጉንቸር፣ ለአንድ ልጅ ተረት ተነግሮ ሳያልቅ የምከፍተው። መሣሪያዎቼ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ፀሐዩ በረታ፣ ድንኳን የያዙት ማጉረምረም ጀመሩ፣ አንዳንዶቹም እኔን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

ጋሼ ከካራ ዘግይቶ መጣ። ከመኪና ወርዶ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ፈገግ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ "እንዴ! አንቺ እያለሽ እዚህ ፀሐይ ላይ ታስቆሚያቸዋለሽ? ለምን አልከፈትሽውም?" አለኝ።

ሰዉ ሳቀ፣ እቴቴም ሳቀች።

"ሥራ ላይ ያለ ቁልፍ አይነካም" አልኩት።

ለአፍታ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተና በሩን ይዞ፣ "ግቢ፣ ግቢ፣ ቤትሽ ነው" አለኝ፤ እኔም የእናቴን ቤት እንደ እንግዳ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።