ለማላውቀው ብል ዋስ አልሆንም

ባና ስነግድ ብዙ ዓይነት ገዢ አይቻለሁ፤ ጀርመናዊው ግን ውል ይዞ ነው የመጣው። የመንዝ ሞላሌ ሸማኔዎች የሠሩትን ለብርድ የሚለበስ የሱፍ ባና በሙሉ አገሩ ላለው ሱቅ ሊወስድ ፈልጓል። ውሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጀርመን አገር ተምራ የተመለሰች የመሐል ሜዳ ልጅ መደብሬ ውስጥ ተቀምጣ ወደ ጀርመንኛ ትመልስለታለች።

አንድ ቃል ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። ጋራንቲ። እንግሊዝኛው ለወሬም ለፍርድ ቤትም በዚሁ በአንዱ ቃል ያልፋል አለችኝ። ጀርመኖች ግን ለይተውታል፦ ሻጭ በፈቃዱ ለሚገባው ቃል አንድ፣ ሕግ ለሚጭንበት ግዴታ ሌላ፣ ለሰው ዋስ ሆኖ ለሚቆም ደግሞ ሌላ። የትኛውን ልጻፍ ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ጋራንቲን የማውቃት ከገበያ ነው። ነጋዴ «ጋራንቲ አለው» ካለህ፣ ዕቃውን ደግመህ አገላብጠው ማለት ነው። እናም ከቃሉ ሥር ያለውን አንብቢልኝ አልኳት። ባናውን መቼም ይሁን መች ብል ከበላው ሸማኔዎቹ መልሰው ይረከባሉ ይላል።

ባናዎቹን ያመጡት ሽማግሌ ሸማኔ አጠገቤ ነበሩ። የቤታቸው የክረምት ፈትል ሁሉ እዚያ ክምር ውስጥ ነው። ጠጋ ብለው፣ «እሺ በለው እንጂ፤ እሱ ከሄደ ማን ሊገዛን ነው?» አሉኝ። እሺ ካልኩ ደግሞ ብል የበላው ባና ሁሉ ተመልሶ የሚወድቀው እሳቸው ደጅ ነው።

እኛ ዘንድ ዋስ ሰው ነው። ይጠራል፣ ይቆማል፣ የቆመለትን ያውቃል። ለማያውቀው ዋስ የሚሆን ቢመጣ ሽማግሌ ራሱ «ሂድ ተቀመጥ» ይለዋል።

«ንገሪልኝ» አልኳት። «የመንዝን ብል አውቀዋለሁ። የሱን አገር ብል አላውቀውም፤ ዋስ አልሆነውም።»

ሻጭ ሁሉ ይህን ይፈርማል አለ ጀርመናዊው። እንግዲያው ከሻጭ ሁሉ ይግዛ አልኩ። ወረቀቱን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረ፤ እኔም ባናውን ማጠፍ ጀመርኩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

ሰውየው ግን አንዱን ባና ከእጁ አልለቀቀም። ታዲያ ለምኑ ትቆማለህ ብሎ አስጠየቀኝ።

«ለድሩና ለማጉ። ከተተረተረ እዚሁ መጥቶ እኔን ይያዘኝ። ለብሉ አገሩ ዋስ ይጥራ።»

ሰውየው እሺ ሲል ልጅቷ ብሉን ሰርዛ ሦስተኛውን ቃል ጻፈች፤ የሚቆመውን ሰው።

በዓመቱ ተጨማሪ ባና ፈልጎ ደወለ። ስለ ብል እሱም አላነሳ፣ እኔም አልጠየቅሁ።