በዶሮ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ጋዜጣ

ይህ የደረሰው ካቻምና ክረምት ጂንካ ውስጥ ነው። በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ስሠራ ተሰድቤያለሁ፣ ከደጃፍ ተመልሻለሁም። እንደዚያ ቀን አንገቴን ያስደፋኝ ግን የለም።

ዓይናለም የሰፈራችን ልጅ ናት። ከከተማው ወጣ ብላ የእንቁላል ዶሮዎች ታረባለች። የዚያን ቀን አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግዢ ሠራተኛ ከቱርሚ መጥቶ የዶሮ ቤቷን ሊያይ ቀጠሮ ነበራት። ከወደደው በየሳምንቱ እንቁላል ይወስድላታል፤ እሷም ገበያ ላይ ተቀምጦ መዋል ይቀርላታል። "ጋሼ፣ እርስዎ አብረው ካሉ ሰውየው ያምነኛል" ብላ ለመነችኝ። ዜናም ይሆነኛል ብዬ ሄድኩ።

ቤቱ ንጹሕ ነበር። ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉባቸው የእንጨት ሳጥኖች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ሰውየው አንድ እንቁላል አንሥቶ አገላበጠና "ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?" አለ።

"የወረቀት ቀለም ነው፣ በጨርቅ ይለቃል" አለች ዓይናለም። "የማነጥፍላቸው ሰጋቱራ ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ አናጺ ቤት ያለውን ሁሉ አበሰበሰው። እርጥብ ካነጠፍኩ ደግሞ ሳጥኑን ትተው መሬት ላይ ይጥላሉ፤ ይሰበራል። ደረቅ እስካገኝ ወረቀት ቀድጄ አደረግሁ።"

"አንባቢ ዶሮዎች ናቸዋ" አለ ሰውየው። ሁለቱም ሳቁ።

እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተቀደደው የእኛ ጋዜጣ ነበር፤ አንዱ ቁራጭ ላይ የራሴን ዜና ርዕስ አነበብኩ። ያን ሰሞን ደግሞ ጋዜጣው ሃና ከተማ አይደርስም የሚል ስሞታ ሰምተን ነበር።

"ይህን ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ሰው ሰጠኝ።"

"ማን?"

ዝም አለች።

"ዓይናለም፣ ይህ ለሕዝብ የታተመ ነው። ማን እያወጣ እንደሚሰጥሽ ካልተናገርሽ አንቺም ትጠየቂበታለሽ።"

ሰውየውን አየችው፤ ከዚያ እኔን። "ጋሼ፣ አሁን ይቅርብን" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ዝም የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት። ሰውየው እንቁላሉን ቀስ ብሎ ወደ ሳጥኑ መለሰ። "እስኪ መጀመሪያ ነገሩ ይጣራ" ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ምሳ ሰዓት ቤት ገብቼ ለባለቤቴ አወራኋት። እጇን ከትሪው ላይ አነሣች።

"እኔ ነኝ የሰጠኋት" አለች። "አልጋ ሥር ያጨቅከውን። መኪና ሲገኝ ሃና አደርሰዋለሁ እያልክ ከርመህ አይጥ ሊበላው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?"

"እንግዳ ፊት 'ሚስትህ ናት' ትበልህ?"

ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ለቱርሚው ሰው ደወልኩለት። ጋዜጣው ከቤቴ እንደወጣ፣ ሳላደርሰው ያስቀመጥኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። "እርስዎ ራስዎ ዋሷ ሆነው መጥተው እንዲያ ሲሏት እኔ ምን ልበል?" አለ። "ከአርባ ምንጭ እንዲልኩልኝ ተስማምቻለሁ።"

ወደ ዓይናለም ተመለስኩ። ሳጥኖቹን ባዶ አድርጋ ጋዜጣውን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እየከተተች ነበር። ዶሮዎቹ ባዶው ሳጥን አፍ ላይ ቆመው ይንጫጫሉ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሰውየው ያለውንም ነገርኳት። የማዳበሪያውን አፍ አሰረች።

"እትዬን እንዳይቆጧት ብቻ" አለችኝ።

ዛሬም ቅዳሜ ገበያ ላይ እንቁላሏን ከፊቷ ደርድራ ተቀምጣ አገኛታለሁ። "ጋሼ፣ ደህና ዋሉ" ትለኛለች፣ ከልቧ ነው። ሥራ ላይ ስንሳሳት በሚቀጥለው እትም እርማት እናወጣለን። የዚህን እርማት የት እንደማወጣው አላውቅም። በአናጺ ቤት በኩል ሳልፍ ደረቅ ሰጋቱራ ካገኘሁ በማዳበሪያ አድርጌ እወስድላታለሁ። አመስግና ትቀበለኛለች። እዚያው ቆሜ ስለዚያ ቀን አንድ ነገር እንድትለኝ እጠብቃለሁ። አሁንም ዝም ትላለች።