ቡአ በሁለት ቋንቋ

ልጄ የተወለደው ጊንጪ ነው። እኔ እዚያው አስተማሪ ነበርኩ፤ ባለቤቴ የጭልሞ ደን ጠባቂ። አራስ ሳለሁ ሕፃኑን ታጥብልኝ የነበረችው እናቴ አንድ ቀን የቆለጡን ከረጢት ዳበስ ዳበስ አድርጋ ዝም አለች። እናቴ ዝም የምትል ሰው ስላልሆነች ደነገጥኩ። ከረጢቱ በሁለቱም በኩል ባዶ ነበር።

እኔ ገና ከአልጋ ስላልተነሳሁ ባለቤቴ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ጤና ረዳቱ ዘንድ ወሰደው። ጤና ረዳቱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም። የባለቤቴ አማርኛ ደግሞ ያኔ ከገበያ አያልፍም ነበር። ደስ ብሎት ተመለሰ።

"ኒ ቡኣ አለኝ" አለን፤ ይወርዳል ማለት ነው። "ጠንከር ሲል ይወርዳል። ለእኔ ብሎ በኦሮምኛ ነገረኝ፤ ጨዋ ሰው ነው።"

ይወርዳል ከተባለ ምን ይደረጋል? ጠበቅን። ልጁ ዳዴ አለ፣ ቆመ፣ ሮጠ፤ ምንም የወረደ ነገር የለም። ሌላ ቦታ እናሳየው ስል ባለቤቴ "ሐኪም የተናገረውን አንቺ ልትሽሪ ነው?" እያለ ይቆጣኛል። እናቴ ደግሞ እንዲህ ሆኖ ዘግይቶ የወረደለት ልጅ አውቃለሁ ትላለች፤ የማን ልጅ ነው ስላት አታስታውስም። በቤታችን የዚያ አካል ስም አይጠራም፤ "ያ ነገር" እየተባባልን ዓመታቱ አለፉ።

አራተኛ ክፍል ሳለ ብሽሽቱን ይዞ እያለቀሰ ከትምህርት ቤት መጣ። አብጦ ነበር። አምቦ ወሰድነው። ቀዶ ሐኪሙ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ እያቀላቀለ ያናግረናል። ልጁን መርምሮ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ እስካሁን የት ነበራችሁ? ይሄ እኮ ገና በሕፃንነቱ መሠራት ነበረበት።"

"አሳይተነዋል" አለ ባለቤቴ ኮራ ብሎ። "የጎጃሙ ጤና ረዳት ኒ ቡኣ፣ ጠንከር ሲል ብሎኛል።"

ሐኪሙ ትንሽ አሰበ። "'ቡአ ነው' ብሎዎት ይሆናል። አንጀት በብሽሽት በኩል ሾልኮ ሲወጣ በአማርኛ ቡአ ይባላል፤ ከዚህ ችግር ጋር አብሮ ይመጣል። ጠንከር ሲል አምጣው ማለቱ ነበር።"

ልሳደብ ወደ ባለቤቴ ስዞር ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፤ አፌን ያዝኩ። ቃሉን እኔም አውቀው ነበር። እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ተተርጉሞ አልቋል።

ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ አንዱን መንምኖ ስላገኘው እንዳወጣው፣ ሌላውን ወደ ቦታው እንዳወረደው ነገረን። ይወልዳል ወይ አልኩት።

"ተስፋ ባታደርጉ ይሻላል" አለ። እውነቱን ስለነገረኝ ጠላሁት።

በሚኒባስ ስንመለስ ልጁ አባቱ ላይ ተደግፎ፣ "አሁን እንደ ሌሎቹ ልጆች ሆንኩ?" አለ።

"ሆነሃል" አለው አባቱ። ልጁም አመነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቆን አያውቅም።

ይኸው ዛሬ ጢሙን የሚላጭ ሰው ሆኗል። ባለፈው እሑድ ሽማግሌ እንድንልክለት ጠየቀን። ልጅቷን እኔም አውቃታለሁ፤ ወደ ካቺሲ የተዛወረ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ናት። ብዙ ልጅ እንደምትፈልግ፣ ለመጀመሪያው ከአሁኑ ስም እንዳወጡለት እየሳቀ ነገረን። አባቱ የሚላኩትን ሰዎች እዚያው መቁጠር ጀመረ።

ልጁ ሲወጣ ጠብቄ፣ "ሳይነገረው ሽማግሌ አይሄድም" አልኩት።

ባለቤቴም፣ "አሁን ምን አስቸኮለሽ?" አለኝ። "መጀመሪያ ይውለድ፤ ከዚያ እንነግረዋለን።"