ነጠላ የለበሰው ሶላር

ማንአለሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማኅበር ብቻዋን ስትደግስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ታኅሣሥ ሚካኤል ሲቃረብ ማኅበርተኛውን ሁሉ «ኩራዝ እንዳታመጡ» ብላ አስጠነቀቀች። ጓሮዋ፣ ጌሾው መሀል፣ ዳስ አላት። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጇ ከደብረ ታቦር የሶላር መብራት ገዝታ ዳሱ ውስጥ ሰቅላላታለች። ወገዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ዳስ አልነበረም፤ ማንአለሽም ይህን ለመናገር አልሰነፈችም።

ቀኑ ጾም ስለሆነ ቅዳሴ የወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ማንአለሽ ቤቷ ደርሳ ማብሪያውን ብትጫነው ጭል እንኳ አላለም። ጎረቤቷ ካሣነሽ ከኋላዋ ቆማ አየች።

«እቴ፣ ኩራዜን ላምጣ?»

ማንአለሽ ማብሪያውን ደግማ ተጫነችው።

የማኅበሩ አባት አባ ኪዳን ወደ ዳሱ ጣሪያ አንጋጠጡ። ፀሐይ የሚቀበለው መስታወት ነጠላ ለብሷል።

«ይኼን ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ» አለች ማንአለሽ። «መንገደኛው ሁሉ ሲያየው ዓይን እንዳይበላው ብዬ ሰሞኑን ሸፈንኩት።»

«ፀሐይም ቡዳ ናት? እሷ ካላየችው በምን ይበራል?»

ካሣነሽ በሳቅ ፈረሰች። አባ ነጠላውን በመቋሚያቸው ስበው አወረዱና መስታወቱን ጠበል ረጩት።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ዓይን አይነካውም።»

የቀረችው ጀንበር ግን ጥቂት ነበረች። ሲመሽ መብራቱ በራ፤ ጽዋው ዞሮ ሳያበቃ ደከመና ጠፋ። ማንአለሽ እጇ ላይ እንስራ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

ክብሪት ተጫረ። ካሣነሽ ሹልክ ብላ ከቤቷ ያመጣችውን ኩራዝ ከጋቢዋ ሥር አወጣች።

«ዓይን እንዳይበላው ሸፍኜው ነው» አለች።

ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው ማንአለሽ ነበረች።